በስፖንጅ የተደፈነ ጆሮ

ሩሃማ የጆሮ ማዳመጫዋን ስታወልቅ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሥራዋ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እያዳመጠች ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚከተተው ማዳመጫ፣ ኤርበዷ፣ ከጆሮዋ እየተንሸራተተ፣ የግቢው ልጆች ጩኸት ከተናጋሪው ድምፅ ጋር እየተደባለቀ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ስታሰማ ነበር የምትውለው። ትናንት ማታ ግን ባሏ ሰመረ ከኤርበዱ ጋር የመጣውን የላስቲክ ጫፍ አወለቀና በስፖንጅ ጫፍ ቀየረላት። ስፖንጁን በጣት ጨመቅ አድርገው ጆሮ ውስጥ ሲከቱት ቀስ ብሎ ያብጥና ቀዳዳውን ልክክ አድርጎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከነጫጫታው ይጠፋል። በጆሮ ውስጥ የሚቀረው የሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ትንፋሹ ሳይቀር።

«እትዬ» ስትል ተጣራች። «ሻይ ላፍላ?»

መልስ አልነበረም።

እትዬ ስህን የሰመረ አክስት ናቸው። ወላጆቹን በልጅነቱ ሲያጣ ወስደው ያሳደጉት፣ ሲያገባም «እዚሁ ከእኔ ጋር» ብለው ከነሚስቱ በቤታቸው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ሳሎን የሉም። ማዕድ ቤትም የሉም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘግቷል። ሩሃማ እጀታውን ተጭና ገፋችው፤ ትንሽ ተከፈተና አንድ ነገር ያዘው። በትከሻዋ ገፋችው። የበረኪና ሽታ አፍንጫዋን መታት፤ ቀጥሎ እትዬ ስህንን አየች።

በሩን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ወደ ደረታቸው ወድቋል። በቀኝ እጃቸው ከበሩ ተነቅሎ የወጣውን የውስጥ እጀታ ጨብጠዋል። የሁለቱም እጆቻቸው አንጓ ተልጦ ደምቷል።

አንኳኩተው ነበር። ብዙ አንኳኩተው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሩሃማ የምትገባበት ጠፋት። ግቢው መሀል በተተከለው ድንኳን ውስጥ ስትቀመጥ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ስትነሳ ይቀጥላሉ። ቤት ስትገባ ደግሞ ያ በር አለ። ለመታጠብ ጎረቤት ትሄዳለች፤ እዚያም ደረጃው ላይ አንዷ ለሌላዋ ስትናገር ሰማቻት፤ «መሀላቸው አንድ ግድግዳ ነው እኮ። እንዴት አትሰማም? አስም ያለበት ሰው በር እንደዚያ ሲደበድብ?»

የሟች ታናሽ እህት እትዬ ማዕዛ ለቅሶ ከተቀመጡ ጀምሮ ዓይኗን አላዩም።

ሰመረ ብቻ ነበር የቀረላት። መኝታ ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ እጇን ይዞ፣ «እኔ አምንሻለሁ» አላት። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፖሊስ ከጠየቀሽ ግን ስፖንጁን ራሴ ገዛሁት በዪ። እኔ ነኝ ያመጣሁልሽ ካልን ተማክረው ነው ይሉናል። ሁለታችንም እንገባለን» አለ።

ሩሃማ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚህ ሰው በቀር ማንም ያልቀረላት ሴት ምን ትላለች?

ዋና ኢንስፔክተር ነጅማ በማግስቱ ጠዋት መጣች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ ከጃኬቷ ኪስ ቆሎ እየዘገነች የምትቆረጥም ሴት ነች። ስትናገር ድምፅዋ ዝግ ያለ ስለሆነ ሰው ሳያውቀው ወደ እሷ ይጠጋል። ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ ትንፋሽዋን ሰበሰበች፤ ሳሎን ሳትቀመጥ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አለፈች። ተንበርክካ ወለሉን በእጇ ዳሰሰች፤ የውሃ መውረጃውን ክዳን አንስታ አየች፤ ከዚያ የበሩን ቀዳዳ በስልኳ መብራት አበራች።

«እጀታው ከወደቀ በኋላ ቤቱን የጠረገ ሰው አለ?»

«ማንም አልገባበትም» አለች ሩሃማ። «ፖሊሶቹ ከሄዱ ጀምሮ ዝግ ነው።»

«ብሎኑስ?»

«የምን ብሎን?»

«እጀታውን የሚይዘው ትንሽዬ ብሎን። በራሱ ጊዜ ላልቶ ወድቆ ከሆነ እዚሁ መገኘት አለበት።» ነጅማ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «የለም።»

ከዚያ ሳሎን ተቀመጡ። ነጅማ ስለ ዕለቱ ጠየቀቻት። ሩሃማ እየፈራች ተናገረች። ከምሳ በኋላ ሰመረ እጁን ታጥቦ ወደ ሜክሲኮ ወጣ። እሱ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል፤ እዚያ ሰው ቀጥሮ ነበር። እትዬ አረፍ እንዳሉ እሷ ሥራዋን ጀመረች።

«ኤርበዱን አሳዪኝ።»

ሩሃማ ሰጠቻት። ነጅማ አገላበጠችው።

«የግራው ስፖንጅ ከቀኙ ይተልቃል።»

«የግራ ጆሮዬ ቀዳዳ ሰፊ ነው። እኩል ከሆነ ግራው ይወድቃል።»

«ማን ገዛው?»

«እኔ» አለች ሩሃማ።

«የት?»

«ሜክሲኮ።»

ነጅማ አንድ ቆሎ ቆረጠመች። ፊቷ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። «እትዬ ስህን ያን ቀን ምን ሲያወሩ ዋሉ?»

«ምንም። ቁርስ ላይ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ጉዳይ አለኝ አሉ። የጡረታቸው ነገር መስሎኝ አልጠየቅኋቸውም።»

«ጡረታ ፍርድ ቤት ነው እንዴ የሚከፈለው?» አለች ነጅማ፣ ለራሷ ያህል። «የአስም መድኃኒታቸውስ? ፓፋቸውን የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«ከሹራባቸው ኪስ አይለይም። ሲተኙ እንኳ ትራሳቸው ሥር ነው።»

«ፖሊስ ያገኘው ማዕድ ቤት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። አንቺ ትደርሺበታለሽ?»

«ወንበር ካላወጣሁ አልደርስም።»

«እሳቸውስ?»

«ከእኔ ያጥሩ ነበር።»

ከታች ያሉትን ጎረቤት ነጅማ ራሷ አስጠራቻቸው። ጋሽ ጴጥሮስ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ጡረተኛ ናቸው። ከእትዬ ስህን ጋር በሚንጠባጠብ ውሃ ምክንያት ሲጨቃጨቁ ዓመት አልፏቸዋል፤ ባለፈው ወር ግን ካቻቪቴያቸውን ይዘው መጥተው ቧንቧውን ራሳቸው ጠግነውላቸዋል። ሩሃማ ማዕድ ቤት ቆማ ንግግራቸውን ትሰማ ነበር።

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ፣ ሳይጠየቁ። «ሬዲዮው የዘጠኝ ሰዓት ዜና ሲጀምር ነው። ከላይ በቧንቧው ቱቦ ድው ድው ይል ጀመር። ደግሞ ውሃ ሊያንጠባጥቡብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት።»

ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ዞሩ።

«ከፍ አደረግሁት፤ ይገባዎታል? ልወጣና ልናገራቸው አስቤ፣ ደግሞ ተውኩት።»

«ሰውየው ካቻቪቴ አለው» አሉ እትዬ ማዕዛ ከሶፋው ላይ፣ ዓይናቸውን ጋሽ ጴጥሮስ ላይ ተክለው። «ቤቱንም ያውቀዋል። እህቴንም አይወዳትም ነበር።»

«ካቻቪቴ በየቤቱ አለ፣ እትዬ» አለች ነጅማ በእርጋታ። «እርስዎ ደግሞ ያልነገሩኝ ነገር አለ።»

እትዬ ማዕዛ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ሰመረ ሲመጣ ጥያቄውን ቆሞ መለሰ። ሐዘን ቢያከሳውም ንግግሩ የተስተካከለ ነበር። «ሜክሲኮ ካፌ ውስጥ ከደንበኞቼ ጋር ነበርኩ፤ ሦስት ሰው ይመሰክራል። ሩሃማ ጋ አንድ ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ቤቱ ሰላም ነበር። የኤርበዱን ነገር እኔ አላውቅም። የሥራ ዕቃዋን ራሷ ነች የምትገዛው።»

ሩሃማ ይህን ሰማች። እንዲህ እንደሚል ተነጋግረዋል፤ ራሷም ተስማምታለች። ከአፉ ሲወጣ ግን እንደ በር ተዘጋባት።

ነጅማ ወደ እሷ ዞረች። «ነይ፣ አንድ ነገር እንሞክር።»

መኝታ ቤት ያን ቀን የነበረችበት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ኤርበዱን እንድታደርግ፣ ያን ቀን ስትሠራበት የነበረውን ድምፅ እንድትከፍት፣ ማንኳኳት ስትሰማ እጇን እንድታነሳ ነገረቻት። ሩሃማ ስፖንጁን ጨምቃ ከተተች፤ ጆሮዋ ውስጥ ሲያብጥ ተሰማት። ዓለም ጠፋ። ጠበቀች። ለመስማት ትንፋሽዋን ሁሉ ያዘች። አንድ ገበሬ ስለ ዝናብ ያወራ ነበር፤ ከእሱ በቀር ምንም የለም። በመጨረሻ ቀና ስትል ነጅማ በሩ ላይ ቆማ እጇን እያሻሸች ነበር።

«መቼ ነው የምትጀምሩት?» ስትል ጠየቀች፣ አንዱን እያወለቀች።

«ጨረስኩ እኮ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል።»

ሩሃማ እንባዋ መጣ። ከሞቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው እውነት እንደተናገረች አይቶላት ነበር። ነጅማ በሩን ገርበብ አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አልሰማሽም። ይህን አምኛለሁ። አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እጀታውን የፈታው ሰው አንቺ ቤት እንዳለሽ ያውቃል። በር ሲደበደብ ሮጠሽ እንደምትከፍቺ ያውቃል። ስለዚህ እንደማትሰሚ እርግጠኛ መሆን ነበረበት። ስፖንጁን ማን ገዛው?»

ከግድግዳው ወዲያ የሰመረ ሳል ተሰማ። ሩሃማ ጣቶቿን አቆላለፈች። እውነቱን ብትናገር ያለ ባል ልትቀር ነው፤ ዝም ብትል ያ ማንኳኳት ዕድሜዋን ሙሉ በእሷ ላይ ይቆጠራል። የትኛውም መውጫ አልነበረውም። በዚህ መሀል ትናንትና ከትናንት በስቲያ ልታስበው ያልደፈረችው ነገር ራሱ መጣ፤ ያ ማታ፣ የሰመረ ትዕግሥት፣ እያወለቀ እየቀያየረ ጆሮዋን ሲለካ።

«እሱ ነው ያመጣልኝ» አለች። «ራሱ ነው የገጠመልኝም። ግራው ሲላላ በትልቁ ቀየረው። ከዚያ ልሞክርልሽ ብሎ…»

«ብሎ?»

«መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። አንኳኳ። ወጥቶ፣ ሰማሽ? አለኝ። አልሰማሁም አልኩት። ሳመኝ።»

ነጅማ የዘገነችውን ቆሎ መልሳ ኪሷ ከተተች። ከዚያ፣ «ያን ቀን ሲደውልልሽ በዚሁ ኤርበድ ነው ያናገርሽው?» አለች።

«አዎ። ስልኬም ቀድቶታል። ደንበኞች ያዘዙትን እየካዱ ሲያስቸግሩኝ ባለፈው ሳምንት ነው ጥሪ ሁሉ እንዲቀዳ ያደረግሁት።»

«እሱ ያውቃል?»

«አልነገርኩትም።»

በማግስቱ ከሰዓት ነጅማ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። እትዬ ማዕዛና ጋሽ ጴጥሮስ ሶፋው ላይ፣ ሰመረ መስኮቱ ጋ፣ ሩሃማ በሩ አጠገብ። ደጁ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ነጅማ እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ኤርበዱንም ከጎኑ።

«ሰው የሚሞትበት ወጥመድ ሁሉ በቢላ አይሠራም» ስትል ጀመረች። «ይኼኛው የተሠራው በሦስት ትንንሽ ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ብሎን። እጀታው በራሱ ተበላሽቶ ቢሆን ብሎኑ ወለሉ ላይ ይገኝ ነበር። የለም። አንድ ሰው ቀድሞ ፈትቶ ወስዶታል። ከውጭ ሲከፈት ምንም አይታወቅም፤ ከውስጥ በሚስበው ሰው እጅ ላይ ግን ይነቀላል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ። እትዬ ስህን ከኪሳቸው የማይለዩት ፓፍ እሳቸው በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ወለሉ ላይ ደግሞ ትንፋሽ የሚያሳጥር በረኪና ፈሷል። ከዚህ ቤት ሰው ወንበር ሳያስፈልገው መደርደሪያው ጋ የሚደርሰው አንድ ሰው ነው።»

«ጋሽ ጴጥሮስም ረጅም ናቸው» አለ ሰመረ።

«ናቸው። ግን ያን ቀን እዚህ ቤት አልገቡም፤ ለእሳቸውም ሦስተኛው ነገር አይገጥምላቸውም። ሦስተኛው የሩሃማ ጆሮ ነው።» ነጅማ ኤርበዱን አነሳች። «ያ በር ሲደበደብ የእሷ ጆሮ ካልተደፈነ ወጥመዱ አይሠራም። ባይሠራ ደግሞ ማንም ምንም አይልም ነበር፤ እጀታ ተበላሸ፣ ተጠገነ፣ አለቀ። አቶ ሰመረ፣ ይህን ስፖንጅ አላውቀውም ብለውኛል።»

«አላውቀውም።»

«ያን ቀን ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደወሉትን ሰምቼዋለሁ። የሩሃማ ስልክ ቀድቶታል።»

ሰመረ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። ሩሃማ ዓይኗን አላነሳችም።

ነጅማ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፈተችው። የሰመረ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ «እንዴት ነው? ግራው አላላም?» የሩሃማ ድምፅ መለሰ፤ «አይ፣ ልክክ ብሏል። ምንም አይሰማኝም።» «ጥሩ። ሥራሽን እስክትጨርሺ እንዳታወልቂው።» ከዚያ ዝምታ። ረዘም ያለ ዝምታ። «ምነው ዝም አልክ?» «እየሰማሁ ነው።» «ምኑን?» «አይ… ድምፅሽን። በጣም ጠርቷል።»

«ስለማያውቁት ስፖንጅ የግራውን መላላት ጠየቁ» አለች ነጅማ። «ይህ አንድ ነው። የባሰው ግን ዝምታው ነው። ድምፅሽን እየሰማሁ ነው ሲሉ እሷ እየተናገረች አልነበረም። ታዲያ ምን እየሰሙ ነበር? እኔም መጀመሪያ በላስቲኩ ጫፍ አዳመጥኩት፤ ምንም የለም። ላስቲኩ ጆሮዬን ስለማይሞላው ወፍራሙ ድምፅ ሁሉ ያመልጣል። ስፖንጁን ስገጥምበት ግን ሌላ ሆነ። ጋሽ ጴጥሮስ፣ እባክዎ።»

ሽማግሌው ስፖንጁን እንደታዘዙት ጨምቀው ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ፤ ሲያብጥ ጠበቁ። ነጅማ ዝምታውን ከፈተችላቸው። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ይኼ ነው» አሉ። «በቱቦው የሰማሁት ይኼ ነው። ድው… ድው… እሳቸው ናቸው።» ኤርበዱን አውልቀው መዳፋቸው ላይ ያዙት።

«አቶ ሰመረ፣ እርስዎ በምን ነበር የሚያዳምጡት? ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡት።»

ሰመረ አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ፖሊስ ከጃኬቱ ኪስ ኤርበዱን አወጣው። ጫፉ ስፖንጅ ነበር።

«ለሚስትዎ ሲገዙ ለራስዎም ገዙ» አለች ነጅማ። «እሷ እንዳትሰማ፣ እርስዎ እንዲሰሙ።»

የቀረው ለምን እንዳደረገው ብቻ ነበር። ነጅማ ወደ እትዬ ማዕዛ ዞረች። «ያን የሰኞ የፍርድ ቤት ጉዳይ ተከትዬ ዛሬ ጠዋት ፍትዊን እስር ቤት አነጋግሬው መጣሁ» አለች። ፍትዊ የሰመረ ሱቅ ሾፌር ነው፤ በሱቁ መኪና ሰው ገጭቶ ገድሏል ተብሎ ታስሯል። «ሰመረ ጥፋቱን ተቀበል፣ በሁለት ወር አስፈታሃለሁ ብሎኛል አለ። እትዬ ስህን ደግሞ ሰኞ መጥቼ ያየሁትን እናገራለሁ ብለው በሚስቱ በኩል መልእክት ልከውለት ነበር። ምን ነበር ያዩት፣ እትዬ?»

እትዬ ማዕዛ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «እህቴ ሰመረን ከበረንዳው አይታዋለች» አሉ። «የመኪናው ፊት ተሰባብሮ፣ እሱ ብቻውን ከመሪው ላይ ሲወርድ። ፍትዊ የሚባል ሰው አብሮት አልነበረም። ሰው ያለ ጥፋቱ ታስሮ እኔ ተኝቼ አላድርም አለችኝ። ለእሱም ነግራዋለች፤ አስቀድማ ነገረችው፣ ልጄ ነው ብላ። እኔ… እኔ ፈራሁ። ሌላ ዘመድ የለኝም።»

«እናቴ ነበረች» አለ ሰመረ በድንገት። ድምፁ ተሰነጠቀ። «እናቴ ሆና ነው አሳልፋ ልትሰጠኝ የነበረው። ምን ላድርግ? የት ልሂድ? ለመንኳት እኮ። ተንበርክኬ ለመንኳት።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሩሃማ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። «አልጠላሁሽም ነበር» አላት። እሷ ከበሩ ገለል ብላ መንገድ ለቀቀችለት።

ደረጃው ላይ እግራቸው እየራቀ ሄደ። እትዬ ማዕዛ ተነስተው መጡና አጠገቧ ቆሙ፤ ክንዷን ያዙ። ከዚያ፣ «ዛሬ እዚህ አትደሪም። እኔ ጋ ነይ» አሉ።

ፍትዊ የተፈታው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሩሃማ እንዳለች ከምትባለው ሚስቱ ጋር የእስር ቤቱ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከስቶ፣ ፀሐዩ ዓይኑን እየወጋው ወጣ። ሚስቱን አቅፎ ሲጨርስ ሩሃማን አያት፤ አወቃት፤ ፊቱ ጠቆረ።

«አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ይቅርታ ልጠይቅህ።»

«አንቺ ምን አደረግሽኝ?»

«ስትታሰር እውነት ነው ብዬ አምኜ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅሁም።»

ፍትዊ የሚያልፈውን ታክሲ እያየ ቆየ። «ክሱ ሲሰማ ትመሰክሪያለሽ?» አለ በመጨረሻ።

«እመሰክራለሁ።»

«ባልሽ ነው እኮ።»

«ነው» አለች ሩሃማ። «እትዬ ግን ከግድግዳው ወዲያ ነበሩ።»

እንዳለች በሁለቱ መሀል ገባችና አንድ እጇን ለባሏ፣ ሌላውን ለሩሃማ ሰጠች። መንገዱን እንዲሁ ተሻገሩ።